መስቀልሽን አንቺው ያዢልኝ

ድምፁ ለማንም ሰው ምንም አይደለም። ትንሽ እንጨት ብረት ሲነካ ጠቅ ይላል፤ ያበቃል። ባለፈው ሰሞን በማስተምርበት የነርሲንግ ኮሌጅ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ግን አንዷ ተማሪዬ ይህንኑ ድምፅ ሰምታ ክው አለች። የጓደኛዋን ደረት ስታዳምጥ ቆይታ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳትነቅል ወደ እኔ ዞረችና፣ "መምህር፣ ተጨማሪ ድምፅ አላት" አለችኝ በሹክሹክታ። አልጋው ላይ የተኛችው ጓደኛዋ በአንድ አፍታ ከተማሪነት ወደ በሽተኝነት ተዛውራ ፊቷ አመድ መሰለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የማተቧ መስቀል ከማዳመጫው ጎን ተወሽቆ፣ ልቧ በመታ ቁጥር ብረቱን ይነካዋል።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጆቹ የሳቅሁባቸው መስሏቸው ተሸማቀቁ። እኔ ግን የሳቅሁት በእነሱ አልነበረም። ልደታ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ በሲስተር በለጡ የብረት አልጋ ላይ ደረቷን ገልጣ የተኛች አንዲት ቀጫጫ ልጅ ትዝ ብላኝ ነው። ልጅቷ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል፤ በግምቴ የእኛ ቤት በነበረበት ቦታ አሁን ሰዎች መኪና ያቆማሉ። ያኔ በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባበት፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ የጭቃ ቤቶች የሞሉበት ግቢ ነበር። አንዱ ቤት ያስነጠሰ ሰው ከሦስተኛው ቤት "ይማርህ" ይባላል። መሃል ላይ ቧንቧ አለ፤ ከቧንቧው አጠገብ ውኃ ለሚጠፋበት ቀን የሚሞላ ትልቅ በርሜል። ከበርሜሉ ፊት ለፊት ደግሞ አረንጓዴ መዝጊያ ያለው የሲስተር በለጡ ቤት።

ሲስተር በለጡ ነርስ ነበሩ፤ ብዙ ነርሶችንም አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ነጭ የሸራ ጫማቸውን አልተዉም። ሰዓታቸውን እጃቸው ላይ ሳይሆን ደረታቸው ላይ፣ በመርፌ ቁልፍ፣ ቁልቁል አድርገው ይሰኩታል። ቤታቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው የስፒሪት ሽታ ነው። ቀጥሎ ከእመቤታችን ሥዕል ራቅ ብሎ የተሰቀለው ትልቅ የትምህርት ሥዕል ነበር፤ ቆዳው ተገፎ ጡንቻው የቀላ፣ በግማሽ ጎኑ አጥንቱ የሚታይ ሰውዬ። እኛ የግቢው ልጆች "ጋሽ ጾም አያውቄ" ብለን ስም አውጥተንለት ነበር፤ ሁዳዴ ገብቶ ሰው ሁሉ ከሥጋ ሲርቅ እሱ ከነሥጋው ይጠብቀናልና። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃቸው ላይ ተራ ይዘው ግፊታቸውን ይለካሉ። ይሄ የሲስተር በለጡ ክብር ነበር። የሚለኩትን ሰው ገና ከመንካታቸው በፊት መዳፎቻቸውን አፋትገው ያሞቃሉ። "በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ገላ ይኮማተራል። የተኮማተረ ገላ ደግሞ እውነቱን አይናገርም" ይሉ ነበር።

እሳቸው ቤት ጫልቱ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። የሟቹ ባለቤታቸው የወንድም ልጅ ናት፤ ከአምቦ መጥታ ነርስነት ትማራለች። በጽሑፍ ፈተና የሚያህላት አልነበረም። የአጥንቶችን ስም ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። የተግባሩ ፈተና ላይ ግን ወደቀች። በሽተኛ አቅርበው "መርምሪና ያገኘሽውን ንገሪን" ሲሏት መልሷ ሁሉ "ይመስለኛል" ነው። አንድ ድጋሚ ፈተና ተፈቀደላት። በዚያ ከወደቀች ትምህርቱ ያበቃና ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። አባቷ ደግሞ ልጄ ነርስ ልትሆን ነው ብለው ያላወሩበት ገበያ አልነበረም።

"እውቀት አላጣሽም" አሏት ሲስተር በለጡ። "ያጣሽው የሰው ገላ ነው። እሱን እኔ አመጣልሻለሁ።"

ያመጡላት እኛን ነበር። ከትምህርት ቤት መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ እየተጠራን አልጋው ላይ እንወጣለን። ደመወዛችን በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ነው። ከሁሉም በላይ የምፈለገው እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ሁሉም ሚጣ ነበር የሚለኝ። "የሚጣ ጎድን ከውጭ ይቆጠራል። ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ደረት ከየት ያገኛል?" ይሉ ነበር ሲስተር፤ እናቴ ግን ይህን እንደ ምስጋና አትቆጥረውም።

ከእኛ በፊት ግን ጫልቱ የተለማመደችው በርሜሉ ላይ ነው። የግራ እጇን መሃል ጣት በርሜሉ ሆድ ላይ አስተኝታ በቀኝ እጇ ጣት ጫፍ ትመታዋለች። ባዶው ጋ ድምፁ ይጮኻል፤ ውኃው ጋ ሲደርስ ይደፈናል።

"ውኃው እስከ የት ነው?" ይጠይቋታል ሲስተር።

"እስከዚህ ይመስለኛል፣ አክስቴ።"

"በርሜሉ አይመስለውም። ክዳኑን ክፈቺና እዪ።"

ተከፍቶ ሲታይ ልክ ነች። ሁሌም ልክ ነበረች፤ ግን ልክ መሆኗን ራሷ የምታምነው ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። በርሜሉን ስትጨርስ የቤታቸውን ጭቃ ግድግዳ አስመቷት፤ ቋሚው እንጨት የቱ ጋ እንደቆመ በጣቷ እንድታገኘው። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤት "ግቡ፣ በሩ ክፍት ነው!" እያሉ ስንት ጊዜ እንደተጣሩ አላስታውስም። ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ሳንባ እንደ ባዶው በርሜል ይጮኻል፣ ጉበት እንደ ውኃው ይደፈናል። ጫልቱ የጉበታችንን ዳርቻ በጣቷ ምት እየፈለገች በሰማያዊ እስክሪብቶ ሆዳችን ላይ ትስለዋለች። ጉበቱ እንዳይጠፋበት ብሎ ገላዬን አልታጠብም ያለ ልጅ ከእናቱ የደረሰበትን ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

ቅደም ተከተሉን እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በሲስተር በለጡ አፍ ነው። ዓይን ይቀድማል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ የጣት ምት፣ ጆሮ መጨረሻ። ሆድ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጆሮ ከእጅ ይቀድማል። "አንጀት እንግዳ ሲመጣ ጠባዩን የሚለውጥ ልጅ ነው። ሳትነኪው ስሚው" ይሏት ነበር።

ያ የመስቀል ጉድ የመጣው ጫልቱ ከሆድ ወደ ልብ ስትሻገር ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ እናቴ ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥባለች። ጫልቱ የሲስተርን አሮጌ ማዳመጫ ደረቴ ላይ አሳርፋ ቆየችና ከንፈሯ ደረቀ። "አክስቴ፣ የሚጣ ልብ ላይ ሌላ ድምፅ አለ" አለች። እናቴ "ልብ" የምትለዋን ቃል ሰማች፤ የቀረውን ለመስማት አልቆመችም። አረፋ በአረፋ የሆነ እጇን ወደ ቤተክርስቲያኑ ዘርግታ፣ "ልደታዬ! ልጄን ብታተርፊልኝ ጃንጥላ አገባለሁ!" ብላ ጮኸች። ግቢው ተሰበሰበ። ሲስተር በለጡ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ የማተቤን መስቀል ከማዳመጫው ስር በሁለት ጣት መዘዝ አደረጉት።

"አስቴር፣ ጃንጥላሽን እጠፊ" አሏት እናቴን።

ግቢው ለሳምንት ሳቀ። ለጫልቱ "ዶክተር መስቀል" የሚል ስም ወጣላት፤ ቧንቧ ስትወርድ በዚያ ይጠሯታል። እናቴ ግን ስለት ከአፍ ከወጣ ወጥቷል ብላ በበዓሉ ዕለት ጥለት ያለው ትልቅ ጃንጥላ አስገባች። ያልሳቁት ሲስተር ብቻ ነበሩ። "ድምፁን ሰምታለች፤ አልዋሸችም። የሳተችው ምንጩን ነው" ብለው ሳቂዎቹን ተቆጡ። ከዚያ ደንብ አወጡ። እናቴ "ማተቧማ አይወልቅም፣ ሲስተር" ብላ ገና አፏን ስትከፍት፣ "ማን ያወልቃል?" አሉና መስቀሉን ከደረቴ አንስተው መዳፌ ውስጥ አኖሩት፤ ጣቶቼንም በላዩ ላይ ጨበጥ አደረጓቸው። "መስቀልሽን አንቺው ያዢልኝ።" ወደ ጫልቱ ዞረው ደግሞ፣ "እንዲህ ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ይፈራል፤ የፈራ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል" አሏት።

ጫልቱ ደንቡን ያዘች። ድፍረቷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርሶ ሄደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእሷ የተገላቢጦሽ ሆነ። አንድ ጊዜ ልጡን እባብ ብላ ስለተሳቀባት፣ እውነተኛው እባብ ቢመጣም ልጥ ነው ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

እሱም መጣ። ክረምቱ ገብቶ፣ ጉሮሮዬን ቶንሲል ይዞኝ አልጋ ላይ ከዋልኩ በኋላ፣ ጉልበቴ አበጠ። ጉልበቴ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቴ ተቀበለው። እናቴ ብርድ ነው አለች፤ ቅቤ አሽታ በጋቢ ጠቀለለችኝ። አለፈ። ካለፈ በኋላ ግን ከአብነት ሰፈር ዳቦ ገዝቼ ስመለስ መሃል መንገድ ላይ እየቆምኩ ማረፍ ጀመርኩ። ሰነፍ ሆነች ተባለ። እኔም የሰነፍኩ መሰለኝ።

በዚሁ ወቅት ሌላም ነገር ነበር። የሲስተር በለጡ ሬዲዮ ድምፅ ከፍ እያለ ሄዶ ዜናውን ግቢው ሁሉ በነጻ ይሰማ ነበር። እኛ ልጆች ከጀርባቸው ስንጠራቸው እንደማይዞሩ ደርሰንበታል። ሰው ሁሉ አውቆታል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሳቸው ጋ የደረሰ አይመስልም ነበር። እሁድ እሁድ ሰልፉ አልቀረም፤ የክንዱን ጨርቅ ነፍተው፣ አዳምጠው፣ ቁጥር ይናገራሉ።

የጫልቱ ድጋሚ ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደገና ተጠራሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውኃ ይንጠባጠባል። እናቴም የበሰለ በቆሎ ይዛ መጥታ በሩ ጋ ቁጭ ብላለች፤ ጎረቤቶችም ከበዋታል። ጫልቱ መዳፎቿን አሞቀች። መስቀሌን አንስታ መዳፌ ውስጥ አደረገችልኝ። ደረቴን አየች፣ ነካች፣ ከዚያ አዳመጠች። ማዳመጫውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። በግራ ጎኔ አስተኛችኝ፤ ወደ ብብቴ ሄደች፤ ቆየች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ይመጣል።

"ምን ሰማሽ?" አሉ ሲስተር።

"ምንም። ደህና ነው… ደህና ይመስለኛል።"

ሲስተር በለጡ ፊቷን አዩት። ዓይን ይቀድማል የሚሉ ሰው ናቸው። "አፍሽ ደህና ነው ይላል፤ ፊትሽ ሌላ ይላል። አምጪው" ብለው ማዳመጫውን ወሰዱና እሳቸው ጎንበስ አሉብኝ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከውጭ የጠብታው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

"እኔ ምንም አልሰማሁም" አሉ።

ጫልቱ ትንፋሿን ለቀቀች። "እንግዲያው የለም ማለት ነው፣ አክስቴ።"

"አይደለም።" ማዳመጫውን ከአንገታቸው አወረዱት። "የሌለው የእኔ ጆሮ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የማንንም ሰው ልብ አጥርቼ ሰምቼ አላውቅም። ጠንካራውን ምት እንኳ እንደ ሩቅ ነው የምሰማው። ይሻለኛል እያልኩ ስጠብቅ ቆየሁ።" ማዳመጫውን ወደ ጫልቱ ዘረጉት። "ስለዚህ ዛሬ በዚህ ቤት ያለው ጆሮ የአንቺ ብቻ ነው። በእኔ አታሳብቢ። ሰማሽ ወይስ አልሰማሽም?"

ጫልቱ እናቴን አየች፤ እኔን አየች። በሩ ላይ የተሰበሰቡትን ሰዎችም አየች። የሳቁባት እነሱው ናቸው።

"ሰማሁ" አለች። "ከመጀመሪያው ምት ቀጥሎ ንፋስ አለ። በደንብ ያልተዘጋ በር ስር እንደሚገባ ዓይነት። ወደ ብብቷ ስሄድም ይከተለኛል።"

"መስቀሉ እንዳይሆን ደግሞ!" አለች እናቴ፤ እንዲሆንላት እየለመነች ነበር።

ጫልቱ የተጨበጠች እጄን ይዛ ወደ እናቴ ዘረጋችና ጣቶቼን ከፈተቻቸው። መስቀሉ መዳፌ ላይ ነበር፤ አጥብቄ ከመያዜ የተነሳ ቅርጹ ቆዳዬ ላይ ታትሟል። ማንም አልሳቀም።

"ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ፣ አስቴር" አሉ ሲስተር። "ጫልቱ የነገረችሽን እንዳለ ንገሪያቸው።"

ያን ዕለት ማምሻውን ሲስተር በለጡ በዚያ ነጭ ጫማቸው የግቢውንና የሰፈሩን ጭቃ ረገጡት። ግፊት ከለኩላቸው ሰዎች አንድም በር አልዘለሉም። "ከፋሲካ ወዲህ የነገርኳችሁን ቁጥር እርሱት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በደህና ጆሮ አስለኩ" ይሉ ነበር። እኛም ቤት መጡ። እናቴ በራሷ ጭንቀት መሃል አዘነችላቸውና፣ "ሲስተር፣ ምን ቸገርዎት? ማን ያውቅብዎት ነበር?" አለቻቸው። "እኔ አውቅ ነበራ" አሉና ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። በማግስቱ እሁድ ደጃቸው ላይ ማንም አልተሰለፈም። አረንጓዴው መዝጊያ ገርበብ ብሎ፣ እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ያያሉ።

ሆስፒታሉ ጫልቱ ያለችውን አለ። ቶንሲሉ ልቤ ላይ ወርዶ አንዱን የልብ በር ነክቶታል፤ ገና ሳይብስ ግን ተደርሶበታል። በየወሩ መርፌ ታዘዘልኝ። እናቴ ሐኪሙ ፊት እጆቿን አጣምራ፣ "ጃንጥላው ቀድሞ ገብቷል" አለች፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ አልገባውም። ጫልቱ ፈተናዋን አለፈች። በሽተኛ አቅርበው ምን አገኘሽ ሲሏት "ይመስለኛል" የምትለዋ ቃል ከአፏ እንዳልወጣች እየዘለለች ነገረችን። ሲስተር ማዳመጫቸውን አንገቷ ላይ አጠለቁላት፤ ከዚያ በኋላ እሳቸው አንገት ላይ አይቼው አላውቅም። መርፌዬን የምትወጋኝ ጫልቱ ሆነች። ያ መርፌ ያማል፤ በሞቀ እጅም ያማል፤ እንደምጠላው ደብቄያት አላውቅም። በኋላ ወለጋ ተመድባ ሄደች፤ እዚያው አስተማሪ ሆነች ሲባል ሰማን።

ግቢው ሲፈርስ ሲስተር በለጡ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጋሽ ጾም አያውቄ ከግድግዳው ሲነቀል ለሁለት ተቀደደ፤ ያኔ ነው እንባቸውን ያየሁት። ነርሲንግ ተማሪ ሆኜ ልጠይቃቸው ስሄድ ጆሯቸው ጨርሶ ዘግቶ ነበር። ወሬ አንችልም። መዳፎቻቸውን አፋትገው ያሞቁና አንዱን ልቤ ላይ ያሳርፉታል፤ ምቱን በእጃቸው ይጠብቁታል። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ሰላምታችን ይሄ ነበር። አንድ የጥቅምት ጠዋት አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቤቱን የመንግሥት ሰዎች መጥተው ተረከቡት።

ባለፈው ሳምንት ለዓመታዊ የልብ ምርመራዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ እስኪመጣ አንዲት ወጣት ነርስ ተቀበለችኝ፤ እኔ ያላስተማርኳት፣ ከዚህ በፊት አይቻት የማላውቅ ልጅ ናት። መዳፎቿን አፋተገች። የማተቤን መስቀል በሁለት ጣት አነሳችና መዳፌ ውስጥ አኖረችው፤ ጣቶቼን ጨበጥ አደረገቻቸው።

"መስቀልዎን እርስዎው ይያዙልኝ፣ እናቴ" አለችኝ።

"የት ነው የተማርሽው?" አልኳት።

"ነቀምት።"

"ይሄን ማን አሳየሽ? መስቀሉን ማስያዝ?"

ጥያቄው ግራ አጋባት። ፈገግ አለች። "ማን ያሳያል? ሁሌም እንዲህ አይደል እንዴ የሚደረገው?"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ በርሜሉን፣ አረንጓዴውን መዝጊያ፣ ጭቃ የነካውን ነጭ ጫማ። እሷ ግን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላለች።

"አሁን አይናገሩ፤ ልስማበት" አለችኝ።

መስቀሌን ጨብጬ ዝም አልኩላት።